ደማቸውን ለትልቁ አንጀት ካንሰር ጥናት ለሰጡ የምሥራቅ እስያ ሰዎች የቀረበ ምስጋና

እኛ በዘረመል ምርምር ሙያ ላይ ያለን ወገኖች ይህን ምስጋና የምናቀርበው በቻይና፣ በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ ደማቸውን ለጥናት ለሰጡ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ በኔቸር ጄኔቲክስ መጽሔት የወጣው የጋራ ጥናት 100,204 ታማሚዎችን ከ154,587 ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ ከትልቁ አንጀትና ከፊንጢጣ ካንሰር ጋር የተያያዙ 205 የዘረመል ልዩነቶችን ለይቷል። በጥናቱ ከተካተቱት አውሮፓውያን ጎን እናንተ ባትኖሩ ይህ ባልተቻለ ነበር።

አንዱ ልዩነት ብቻውን የሚጨምረው አደጋ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ አይበልጥም። ይህን ከአጋጣሚ ለመለየት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ደም የተቀዳባት እያንዳንዷ የናሙና ቱቦ የምትቆጠረው።

በተለይ አንዱን ውጤታችሁን ማንሳት እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ2007 በአውሮፓውያን ላይ በክሮሞዞም 8 (ዲኤንኤን ከሚሸከሙት የሴል ክፍሎች አንዱ) የተገኘው ከዚህ ካንሰር ጋር የተያያዘ ልዩነት ያረፈው ፕሮቲን የሚሠራ ጂን በሌለበት ቦታ ስለነበር ብዙዎችን ግራ አጋብቶ ነበር። ኋላ ሲመረመር፣ ቦታው ሴል እንዲባዛ የሚያዘውን ሚክ የተባለ ጂን ከሩቅ የሚቆጣጠር ሆኖ ተገኘ፤ እዚያ ላይ የሚጣበቀውም ቲሲኤፍ7ኤል2 የተባለ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የእናንተ ደም ከካንሰሩ ጋር የተያያዙ ስድስት አዳዲስ የዲኤንኤ ቦታዎችን ሲያሳይ፣ አንዱ የዚሁ ፕሮቲን ጂን ያለበት ሆነ! ከሁለት አህጉር የመጣ መረጃ አንድ መንገድ ላይ ተገናኘ።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በሻንጋይ ቤት ለቤት እየዞራችሁ 75,000 ያህል ሴቶችን ለመዘገባችሁ ባለሙያዎች እጃችሁ ይባረክ። ደም መቅዳት ቀላል ይመስላል እንጂ የሚበላሸው እዚያው ነው። ለዲኤንኤ የሚመረጠው ኢዲቲኤ የተባለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ያለበት ቱቦ ነው፤ ሄፓሪን የተባለው ሌላው የደም መርጋት መከላከያ ያለበት ከሆነ ግን ዲኤንኤን የሚያባዛውን የላብራቶሪ ዘዴ፣ ፒሲአርን፣ ያውካል። ቱቦው ወዲያው ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ተብሎ ካልተገላበጠ ደሙ ይረጋል፣ የሚወጣው ዲኤንኤም ያንሳል። በኃይል ከተናጠ ደግሞ ቀይ የደም ሴሎች ይፈነዳሉ።

መረጃውን ያጠራችሁ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎችም ክብረት ይስጥልን። የሰሜንና የደቡብ ቻይና፣ የኦኪናዋና የዋናው የጃፓን ደሴቶች ሰዎች በዘረመል ትንሽ ይለያያሉ። ታማሚዎቹ ከአንዱ፣ ጤነኞቹ ከሌላው አካባቢ ቢመጡ የትውልድ ቦታ ልዩነት የበሽታ ምክንያት መስሎ ይወጣል። እናንተ ይህን በየናሙናው እየፈተሻችሁ አስተካክላችኋል።

የአፍሪካ ዘር ያላቸው ሰዎች በዚያ የጋራ ጥናት አልተካተቱም፤ ስለዚህ ከእሱ የሚሰላው የአደጋ ነጥብ (አንድ ሰው በካንሰሩ የመያዝ ዕድሉን ከዘረመል ልዩነቶቹ የሚገምት ቁጥር) ለእኛ ለአፍሪካውያን እንዳለ አይወሰድም። የትም አገር የሚሠራው ግን የቤተሰብ ታሪክን መጠየቅ ነው። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እህቱ በዚህ ካንሰር የታመመችበት ሰው አደጋው በግምት እጥፍ ስለሆነ፣ የታመመው ዘመድ በስንት ዓመቱ እንደታወቀበት ጭምር ለሐኪሙ ይንገር። የተሳተፋችሁ ሁሉ፣ ውጤቱን ሳታዩ ያረፋችሁም ጭምር፣ ውለታችሁ አለብን።