ካልኩለስ ላይ ግራፍ ያለበት ጥያቄ አስገቡልን

ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፣

ጤና ይስጥልኝ። 12ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፣ የምጽፍላችሁም ማትሪክ (የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና) ላይ ስለሚወጡ የካልኩለስ ጥያቄዎች ነው።

ልጆቹ ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም ፋንክሽኑ በየነጥቡ የሚለወጥበትን ፍጥነት፣ መሥራት ይችላሉ። ኤክስ ኪዩብ ሲቀነስ 3 ኤክስ ብላችሁ ስጧቸው፣ ቶሎ ብለው 3 ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 3 ይሉና ከዜሮ ጋር እኩል አርገው 1 እና -1 ያመጡላችኋል። ግን የዴሪቬቲቩን ግራፍ ብቻ ቦርድ ላይ ስዬ "ዋናው ፋንክሽን የት ጋ ነው የሚጨምረው?" ስላቸው "ቲቸር ፎርሙላው የታለ?" ነው መልሱ። ዴሪቬቲቩ ፖዘቲቭ ሲሆን ዋናው ይጨምራል፣ ስለዚህ ግራፉ ከኤክስ አክሲስ በላይ የሆነበትን ማየት ብቻ እኮ ነው።

የባሰው ኢንቴግራል ላይ ነው፣ በከርቩና በአክሲሱ መካከል ያለውን ስፋት የምናሰላበት (ከአክሲሱ በታች ያለው ኔጌቲቭ ሆኖ ይቆጠራል)። 1 ሲካፈል ለኤክስ ስኩዌርን ከ-1 እስከ 1 ሥሩ ስትሏቸው በፎርሙላ ሄደው -2 ያወጡና ያልፋሉ፣ ከርቩ ሁሌም ከአክሲሱ በላይ ሆኖ ሳለ እንዴት ኔጌቲቭ መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቢስሉት ግን ዜሮ ጋ ሲጠጋ ወደ ላይ ማቆሚያ እንደሌለው ያዩና ፎርሙላው እዚህ እንደማይሠራ ራሳቸው ይደርሱበታል።

ስዕል ብቻውን ይበቃል አላልኩም። ታንጀንት ነክቶ ይሄዳል እንጂ አያቋርጥም ብሎ ከክብ የለመደ ልጅ ኤክስ ኪዩብ ዜሮ ላይ ሲደርስ ግራ ይገባዋል፣ እዛ ታንጀንቱ ከርቩን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፣ ይሄን የሚያጠራለት የታንጀንቱ ስሎፕ የሚገኝበትን ሊሚት በእጁ መሥራት ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

እናንተ አስተምሩ ትሉን ይሆናል፣ እናስተምራለን፣ ግን ልጆቹ የሚያጠኑት ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ይዘው ነው፣ "ይሄ ማትሪክ ላይ ይመጣል?" ብለው አዎ ካልተባሉ ደብተር ይዘጋሉ። አልፈርድባቸውም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባቸው እሱ ነው።

ፈተናው ምርጫ መሆኑ አይከለክልም። የዴሪቬቲቭ ግራፍ ሰጥታችሁ ከ4 ግራፎች ዋናው የቱ ነው ማለት ይቻላል። ወይ የኤክስ ሲቀነስ 1ን አብሶሉት ቫልዩ ከ0 እስከ 2 ኢንቴግሬት አስደርጉ፣ በስሌት ለሁለት ከፍሎ የሠራውም፣ ስሎ ሁለት ሦስት ማዕዘን ያየውም 1 ያገኛል። ብቻ ግራፎቹ ጥርት ብለው ይታተሙ፣ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ደግሞ ተመጣጣኝ ሌላ ጥያቄ ይዘጋጅ፣ ይሄ እንዳይረሳ አደራ።

ለዘንድሮ ባይደርስም የናሙና ጥያቄዎቹን መስከረም ላይ ልቀቁልን፣ ትምህርት ሲጀመር ይዘናቸው ክፍል እንገባለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር