ድራሙን የመታው ማን ነው? ለአይቤክስና ለሮሃ ባንድ ካሴቶች የድጋፍ ጥሪ

ቤታችሁ አሮጌ ካሴት ካለ እስቲ አንሱና ሽፋኑን እዩት። የዘፋኙ ፎቶ አለ፤ ጎፈሬው የተበጠረ፣ ኮሌታው ሰፊ። ስሙ በትልቁ ተጽፏል። የሙዚቃ ቤቱ ስም አለ፣ ስልክ ቁጥሩ ሳይቀር። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ ለዓይን በምታስቸግር ፊደል «አጃቢ ሮሃ ባንድ» ይላል። በቃ። ጊታሩን ማን እንደያዘ፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋ፣ ድራሙን ማን እንደመታ አይናገርም።

እኛ አምስት ሰዎች ነን። ላለፉት ስድስት ዓመታት በትርፍ ሰዓታችን ያችን ጥግ ስንሞላ ቆይተናል። አንዳችን አዲስ አበባ ነን፣ ሁለቱ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ አንዷ ስቶክሆልም፣ አንዱ ሪያድ። ከመካከላችን ሙዚቀኛ የለም። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ክራር እንኳን ነክቼ አላውቅም። የሚያገናኘን አንድ ነገር ነው፤ አይቤክስን፣ በኋላም ሮሃ የተባለውን ባንድ አንጠግበውም። ስለ ባንዱ የከፈትነው ድረ ገጽ ላይ የካሴት ሽፋኖች፣ የዘፈን ዝርዝሮችና የተጫዋቾች ስም ይገኛል። እስከ ዛሬ ወጪውን ከኪሳችን ስናወጣ ነበር። አሁን ኪሳችን አልቻለም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ለወጣቶቹ ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሶል ኤኮስ የሚባል ባንድ ነበር፤ አይቤክስ የወጣው ከእሱ ነው። መድረኩ ራስ ሆቴል ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር ስሙን ቀይሮ ሮሃ ሆነ፤ ሮሃ የላሊበላ የጥንት ስም ነው። ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር፣ ሰላም ስዩም ሊድ ጊታር፣ ፈቃዱ አምደመስቀል ሳክስፎን፣ ተስፋዬ ተሰማ ድራም። በሮሃ ዘመን ዳዊት ይፍሩ ኪቦርድ ላይ ነበር። ማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲዘፍን ከኋላው የነበረው አይቤክስ ነው። አስቴር አወቀም በጀማሪነቷ ከእነሱ ጋር ዘፍናለች። ከዚያ በኋላ የኤፍሬም ታምሩን፣ የነዋይ ደበበን ካሴቶች ስትሰሙ ያደጋችሁ ሁሉ ሳታውቁት የሮሃ አድማጮች ናችሁ። ባንዱ ከ250 በላይ አልበም አጅቧል ተብሎ ይነገራል። የእኛ ዝርዝር ገና ግማሹ ላይ አልደረሰም።

«ሮክ ባንድ ነው እንዴ እንዲህ የምትንሰፈሰፉለት?» የሚለን አይጠፋም። ስም አውጡለት ብባል ይቸግረኛል። ግን የሰላምን ጊታር ለብቻው ስሙት። ቅኝቱ የእኛው ነው፣ ጣቶቹ ግን ሮክ ሰምተው ያደሩ ናቸው። የጆቫኒ ቤዝ ደግሞ ዘፋኙ ዝም ባለበት ሁሉ ይናገራል። «ኧረ መላ መላ»ን ቤዙን ብቻ እየተከተላችሁ አንድ ጊዜ አድምጡና ከዚያ እንከራከራለን።

ዘመኑ ከባድ ነበር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ አለ። ሌሊት ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። የሸክላ ኅትመትም በዚያው ሰሞን ቆመና ሁሉም ነገር ወደ ካሴት ገባ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሸክላው ዘመን ባለቤት አግኝቷል። «ኧረ መላ መላ» በ1986 እንደ ፈረንጆቹ ቤልጂየም ውስጥ ክራምድ ዲስክስ በሚባል አሳታሚ ወጣ፤ በኋላም ኢትዮፒክስ የሚባለው የፈረንሳዮቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ 7ኛ ቅጽ ሆነ። አይቤክስ በ1976 እንደ ፈረንጆቹ ራስ ሆቴል የቀዳው በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ እንኳን ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ታትሟል። የካሴቱን ዘመን ግን የሰበሰበው የለም። ተበትኖ ያለው መርካቶ ሱቅ ጀርባ፣ ሚኒባስ ዳሽቦርድ ውስጥ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ ቤት ምድር ቤት ካርቶን ውስጥ ነው።

አንድ ካሴት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለው ደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ በ1985 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ ካሴቱን አገኘ። በ2013 እንደገና ታተመ። ሰውየው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ያ ካሴት ሱቁ ውስጥ ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ባልሆነ።

ስለ ዋልያስ ካነሳሁ አይቀር፣ ብዙ ጊዜያችንን የሚበላው ስህተት ማረም መሆኑን ልናገር። አይቤክስ ማለት ዋልያ ነው። ዋልያስም ዋልያ ነው። አንዱ ራስ ሆቴል፣ ሌላው ሂልተን። ሁለት ባንድ በአንድ እንስሳ ስም! ኢንተርኔት ላይ የሁለቱ ሥራ ተቀላቅሎ ታገኙታላችሁ። የዓመተ ምህረቱ ጣጣ ደግሞ ይብሳል። «1975» የሚል ጽሑፍ የእኛ ነው የፈረንጅ? በመካከሉ ሰባት ስምንት ዓመት አለ። ሰባት ዓመት ማለት አንድ ድራመር ወጥቶ ሌላ የሚገባበት ጊዜ ነው።

እኛም ተሳስተናል። አንድ ካሴት ላይ የአንድ ድራመር ስም ጽፈን ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት በዚያ ዘመን ይጫወቱ የነበሩ አንድ ጋሼ ዘንድ ሄደን አሰማናቸው። ቡናው ገና አልፈላም። ሦስት ሰከንድ አዳመጡና ሳቁ። «ይሄ እኮ ሰው አይደለም፤ ማሽን ነው!» አሉ። ለካ የድራም ማሽን ነው። የሌለ ሰው ስናመሰግን ከርመናል። በዚያው ቁጭ ብለው አስራ አንድ ካሴት አስተካከሉልን፤ ይኼ የእገሌ አመታት ነው፣ እዚህ ጋ እገሌ ታሞ ሌላ ሰው ተክቶት ነበር፣ ይህን ዘፈን ያቀናበረው እገሌ ነው እያሉ። ሽፋን ላይ የሌለ፣ ወረቀት ላይ የሌለ ነገር ነው። ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ የሌሎቹም እንደዚያው።

ከምንሰበስበው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ ለዚህ ማዋል የምንፈልገው ስለዚህ ነው። የምንጠይቀው በድምሩ 450,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 130,000 ብሩ አንጋፋዎቹ ዘንድ እየሄድን ካሴት እያሰማን ለምንቀርጽበት ነው፤ መጓጓዣ፣ ማይክራፎን፣ የተቀረጸውን የሚጽፍ ልጅ ክፍያ፣ ለሚደክሙልን ሽማግሌዎችም ባዶ እጅ ላለመሄድ። በአዲስ አበባ ብቻ አይቀርም። ሁለት ሰዎች ሜሪላንድ አሉ፤ እነሱን የዲሲዎቹ ልጆች ይጎበኛሉ።

ሌላው ወጪ ደረቅ ነው፣ ግን ያለ እሱ አይሆንም። የሦስት ዓመት የሰርቨርና የድረ ገጽ አድራሻ ኪራይ 105,000 ብር። ካርድ የሚቆርጥብን ውጭ አገር ነው፤ አንድ ጊዜ ክፍያው ሳያልፍ ቀርቶ ገጹ አስራ ዘጠኝ ቀን ተዘግቷል። የሪያዱ ልጅ ከደሞዙ ከፍሎ አስከፈተው። ለሦስት ሃርድ ዲስክ 85,000 ብር፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ ስዊድን ይቀመጣል። ለምን ሦስት? በ2014 ዓ.ም. ብቸኛው ዲስካችን ከጠረጴዛ ላይ ወደቀ። የጣለው ይህን የሚጽፈው ሰው ነው። አርባ ሁለት ካሴት እንደገና መቅዳት ነበረብን፤ ከእነሱ ውስጥ አራቱ ሁለተኛ ለመጫወት አቅም አልነበራቸውም። አሁንም ያንገበግበኛል።

70,000 ብር ለሁለቱ የካሴት ዴኮች፣ ማለትም ማጫወቻዎቻችን፣ ጥገና ነው። ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ቀላል ይመስላል፤ ቴፑን ከፍተህ ገመድ መሰካት። አይደለም። የዴኩ ቤልት ከላላ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፣ ማህሙድም ሰክሮ የዘፈነ ይመስላል። ሄዱ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበው ክፍል፣ ካልተስተካከለ ቀጭኑ ድምፅ ይደፈናል፤ ጸናጽሉ ይጠፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ካሴት ሄዱን በጆሮ እያዳመጥን በትንሿ ጠመንጃ መፍቻ እናስተካክላለን። ከካሴቱ ውስጥ ያለችው ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋ ትንሽ ጨርቅ ከወደቀች ከሌላ ካሴት አውጥተን እንለጥፋለን። እስክሪብቶ ከትታችሁ ያጠነጠናችሁበት ዘመን ትዝ ይላችኋል? እኛ ዛሬም እዚያው ነን። አቋራጭ የለውም፤ የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል። ፋይሉም ሁለት ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ ድምፁን ሳናፍን ስለምንይዘው ነው። የቀረው 60,000 ብር ካሴት ከመርካቶና ከክፍለ ሀገር ለመግዣና ለማጓጓዣ ነው።

ይህን የመሰለ ሥራ ሰው ይሠራዋል ወይ ለምትሉ፣ ሌላ አገር ከተሠራ ቆይቷል። ግሬትፉል ዴድ የሚባል የካሊፎርኒያ ሮክ ባንድ አለ፤ በ1965 እንደ ፈረንጆቹ የተቋቋመ። አድናቂዎቹ ኮንሰርቱን በቴፕ እንዲቀዱ ባንዱ ራሱ ይፈቅድ ነበር። በ1984 ጭራሽ ለቀጂዎች የተለየ መቀመጫ ሰጣቸው። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮንሰርቶቹ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው የድረ ገጽ ማኅደር ላይ አሉ። በየትኛው ምሽት የትኛው ዘፈን እንደተዘፈነ በዝርዝር ታገኛላችሁ። ማሪልየን የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ደግሞ በ1997 ለአሜሪካ ጉዞ ገንዘብ ሲያጥረው አድናቂዎቹ በራሳቸው ተነሳሽነት 60,000 ዶላር ገደማ አዋጥተው አስመጡት። እኔ ይህን ሳነብ ቅናት አንጨረጨረኝ። እነሱ የእያንዳንዱን ምሽት ያውቃሉ። እኛ እናታችን እስኪበጠስ የሰማችው ካሴት ላይ ሳክስፎን የነፋውን ሰው አናውቅም።

«ዘፈኑን በነፃ ልትበትኑ ነው?» ለሚሉ መልስ አለኝ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። አንበትንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 አለ፤ ከአዋጁም በላይ ሰዎቹ በሥራቸው የሚገባቸውን ሳያገኙ መኖራቸውን እናውቃለን። ድረ ገጹ ላይ የምናወጣው ሽፋኑን፣ ዝርዝሩንና ስሞቹን ነው። ሙሉ ቅጂው ለሙዚቀኛው ወይም ለቤተሰቡ ይሰጣል። ብዙዎቹ የገዛ ሥራቸው ቅጂ የላቸውም። አንድ ቤት ፍላሽ ይዘን ሄደን ልጅየው አባቱ ሲጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማበት ቀን ነበር። ስለዚያ ቀን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ማስታወቂያ አንቀበልም፤ ገጹ ላይ የቁማር ምስል እንዲያብለጨልጭ አንፈልግም።

ያችን የሃምሳ ሎሚ ተረት ሁላችሁም ስለምታውቋት አልደግማትም። 100 ብር ካላችሁ 100 ብር ላኩ። በቴሌብርም በባንክም ይሆናል። ውጭ ያላችሁ የዲሲዎቹ ልጆች በከፈቱት ሒሳብ መላክ ትችላላችሁ። ቁጥሩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን፤ በአደባባይ የማንለጥፈው አስመሳይ ስለበዛ ነው። ደውሎ ወይም ጽፎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ እኛ አይደለንም። የገባውንና የወጣውን በየሦስት ወሩ ከነደረሰኙ እናወጣለን። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ ብያችኋለሁ፤ በዚህ በኩል አልታማም።

ገንዘብ የሌለው ሰው ምናልባት ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር አለው። ካሴት አላችሁ? ሽፋኑን በፊትም በጀርባም ፎቶ አንሱና ላኩልን። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ በዚያ ዘመን ራስ ሆቴል፣ ጊዮን ወይም ሂልተን ይሠሩ ነበር? አስተናጋጅም ይሁኑ፣ ዘበኛም ይሁኑ፣ ቁጭ ብለን ብናናግራቸው ደስ ይለናል። አስተናጋጅ ከዘፋኝ የበለጠ ያስታውሳል፤ ደጋግመን አይተነዋል።

ሰሞኑን በተለይ የምንፈልጋቸው ሽፋናቸው የጠፋ ሰባት ካሴቶች አሉ። ድምፃቸው በእጃችን ነው፤ ዘፋኞቹን ለይተናል፤ የወጡበትን ዓመትና ያሳተመውን ሙዚቃ ቤት ግን አላገኘንም። ዝርዝሩን ለሚጽፍልን ሁሉ እንልካለን። ካሴቱን ለራሱ ማስቀረት የሚፈልግ ሰው አይጨነቅ፤ ገልብጠን ከነፋይሉ እንመልሳለን። አዲስ አበባ ላላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት መጥተን ከቤታችሁ እንወስዳለን። ክፍለ ሀገር ያላችሁ በአውቶቡስ ላኩልን፣ የጭነቱን እኛ እንከፍላለን። እባካችሁ ብቻ ከመላካችሁ በፊት «እስቲ ይሠራ እንደሆን» ብላችሁ አሮጌ ቴፕ ውስጥ አትክተቱት። ይበላዋል።