ለእማዬ፣ ስለ ድስቱና ስለ እድሩ

እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ትንሹ ለቡሄ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሆያ ሆዬ ብሎልሻል፤ ዱላውን መሬት ላይ መምታት ሲገባው የአጠገቡን ልጅ እግር እየወቀጠ አስለቅሶት አረፈ። ሙልሙል ሲሰጡት ደግሞ ቅቤው የታለ አለ። ትልቋ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ አንቺ በስልክ እንደነገርሻት ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብላ አስቸግራናለች። አምስተኛ ፎቅ ላይ ሆነን ጣሪያ ከየት ይመጣል?

ባለፈው እሑድ ስልኩን ወደ በረንዳው ስታዞሪው የእድሩን ትልቁን ድስት አየሁት። ጆሮው ላይ የተቀባው ቀይ ምልክት እንኳ አልለቀቀም። በ2016 ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ሰው በየአቅጣጫው ሲበተን፣ ሌላው የእድሩን ገንዘብ ሲካፈል አንቺ ድስቱን መረጥሽ። ስንት ሠርግና ስንት ተዝካር የወጣበት ድስት ዛሬ ውኃ ሲጠፋ ማጠራቀሚያ ሆኗል። አንቺ ስቀሽ ነገርሽኝ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

በየወሩ በ23 ከአዲሱ ሰፈርሽ ከገላን ጉራ ተነሥተሽ ጊዮርጊስን መሳለምሽን አልቃወምም። የሚያዝያውንማ ማን ሊያስቀርሽ! ግን ከቅዳሴ በኋላ ፀሐይ ላይ «እዚህ ጋ የእነ እገሌ በር ነበር» እያልሽ ስትዞሪ እንደምትውዪ ታናሼ ነግሮኛል። ያውም ግፊትሽ እንዲህ ከፍ ባለበት ሰዓት። ለከተራም ታቦቱን አጅቤ ጃን ሜዳ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ ብለሻል አሉ። በየትኛው ጉልበትሽ ነው? መድኃኒቱንስ ጠዋት ጠዋት እየወሰድሽ ነው ወይስ ሲያምሽ ብቻ?

ስለ ሰፈር ከተነሣ አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቆጪኝ። የተመረቅሁ ዕለት ከቤታችን እስከ ስድስት ኪሎ በእግር የሚደረስ መንገድ ነበር። አልመጣሽም። የግድግዳ ጎረቤታችን ሠልስት ነበርና ድስቱ ሥር ቆመሽ ዋልሽ። የሰው እናት ሁሉ እልል ሲል እኔ ከጓደኛዬ እናት ጋር ፎቶ ተነሣሁ። ማታ ነጠላሽ ጭስ ጭስ እያለ ገባሽና ጋውኔን እንዳላወለቅሁ አይተሽ፣ «በይ አውልቂውና ሽንኩርት ላጪልኝ፣ ነገም እንግዳ አለ» አልሽኝ። ምረቃ በዓመቱ ይመጣል፣ ለቅሶ ግን ቀን አይሰጥም አልሽ። ለእኔ በዓመቱ አልመጣም፣ እማዬ። ላጥሁልሽ ግን። ያስተማርሽኝም አንቺው ነሽ፣ ሽንኩርት እየላጥሽ ለሰው ቤት፤ እሱን አልረሳሁም።

ይህን ሁሉ የማወራው ሌላውን ላለማንሣት ነው። ባለፈው ወር ከእናንተ ሕንጻ ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሎ እንዳየሽ ስትነግሪኝ፣ «የማላውቀው ሰው ነው» ብለሽ አለፍሽው። አንቺ! ጡሩምባ ነፊው ነፍቶ ሳይጨርስ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ከበር የምትወጪው ሴት! ታናሼ የግቢው እድር አባል እየመዘገበ ነው ብሎ ቢለምንሽ፣ እኔ እድር አለኝ ብለሻል። የትኛው እድር? ዳኛው ሌላ ኮንዶሚኒየም፣ ጡሩምባ ነፊው ልጁ ጋ፣ ድስቱ አንቺ በረንዳ ላይ። እኔ እንኳ እዚህ እድር ገብቼ በየወሩ እከፍላለሁ።

ወረቀቴ እስኪያልቅ ከዚህ አገር መውጣት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ታናሼ ደግሞ አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ድንኳን አይተክልም፣ ውኃ አይቀዳም፣ ሰው አይቀበልም። ከዚህ በላይ አታስጽፊኝ።

የመግቢያውን ገንዘብ ከመድኃኒትሽ ጋር በታናሼ ስም ልኬዋለሁ። ለሌላ ሰው ችግር እንዳታውዪው፤ አውቅሻለሁ። ሲመዘግቡሽ ቤተሰብ ስንት ነው ይሉሻል። ውጭ አገር ነች ብለሽ እንዳትዘይኝ፤ የእኔንም ስም አስጽፊ።

ልጅሽ