«ቁልፍ ያልነካው» ሞተር፦ የአውቶ መካኒክ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ሐረር ውስጥ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ከደላላው አፍ የማትጠፋ አንዲት አባባል አለች። «ሞተሩን ቁልፍ አልነካውም።» የክበባችን ልጆች ዘንድሮ ይህችን አባባል ይዘው ከረሙ። ሞተር ተከፍቶ ያውቃል? ምኑ ተቀየረ? ለምን? ይህን ከሰው ሳይጠይቁ ከራሱ ከሞተሩ ማንበብ ይቻላል ወይ?

ጥቅምት ላይ አንድ የታክሲ ባለንብረት ከመኪናቸው የወረደ የፔጆ 404 ሞተር ሰጡን። ለሐረር ልጅ ስለ ፔጆ ታክሲ ማውራት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከሐረር በር ወደ ፈረስ መጋላ ስንመላለስበት ያደግን መኪና ነው። ስለ ሞተሩ ግን ትንሽ ልበል። መኪናው ለገበያ የወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1618 ሲሲ ነው። ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ሞተሩን 45 ዲግሪ ወደ ጎን አጋድመው አስቀምጠውታል። ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ብረት፣ ቴስታታው (ከላይ የሚከድነው) አሉሚኒየም ነው። ካሚቻዎቹ (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች) ደግሞ አንድ በአንድ ከብሎኩ የሚወጡ ናቸው፤ ውሃው በቀጥታ ጀርባቸውን ይነካል። ይህቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ልጆቹ መጀመሪያ የሠሩት ሒሳብ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 84 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 73 ሚሊ ሜትር። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሲያባዛ አንዱ ሲሊንደር 404 ሲሲ ከግማሽ ሆኖ ወጣ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። «ስሙ ከዚህ ነው የመጣው!» አይደለም። የፔጆ ስሞች 203፣ 403፣ 404 እያሉ መሃላቸው ላይ ዜሮ የያዙ ተራ ቁጥሮች ናቸው። ገጠመ እንጂ ምክንያቱ እሱ አይደለም። ልጆቹ ለማመን ተቸገሩ። እኔም አልፈረድኩባቸውም፣ እንዲህ አምሮ የገጠመ ነገር ልብ ይሰርቃል።

አንድ ነገር ያለቦታው አጥፍተናል። ጥፋቱም የእኔ ነው። ሞተሩ በመጣ ቀን ዘይትና አቧራ ተጋግሮበት ስለነበር በላምባ እጠቡት አልኳቸው። ታጠበ፣ አማረ። ግን የትኛው ቡሎን በቅርብ እንደተፈታና የትኛው ለዓመታት እንዳልተነካ የሚናገረው ያ የተጋገረው ቆሻሻ ነበር። ቆሻሻው ያልተሰነጠቀ ቡሎን አልተፈታም ማለት ነው። ያን ገጽ ሳናነብ አጠብነው። ሳምንት ሙሉ ቆጨኝ።

ከዚያ በኋላ ደብተር ገዛን። ገጹን ለሁለት ከፈልነው። በአንዱ በኩል «ያየነው»፣ በሌላው «የገመትነው»። ማንም ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ፎቶ ያነሳል፣ ይጽፋል።

በሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ብሎኩ ላይ ከተመታው ጋር አስተያየን። አንድ ነው። ስለዚህ ብሎኩ አልተቀየረም። ኮፓው (ከሞተሩ ስር ዘይቱን የሚይዘው ገንዳ) በቀይ ሲሊኮን ተለጥፏል፣ ከታች በኩልም የብየዳ ጠባሳ አለው። የቴስታታው ቡሎኖች ጠርዛቸው ተበልቷል። ይህን ሁሉ በግራ በኩል ጻፉ።

የካቲት ላይ ኮፓው ተፈታ። ከዓመቱ ሁሉ የማልረሳው ያን ሐሙስ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከአንደኛው ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ከሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ብሮንዚኑን፣ ማለትም በመካከላቸው የሚገባውን ስስ ማስቀመጫ፣ አወጣች። ጀርባውን ላምባ በነካ ጨርቅ ስታሸው ጥቁሩ ለቀቀ፤ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ቁጥሮች ብቅ አሉ። 0.25። መብራቱ ስር አስጠግታ ደግማ አነበበች። ማንም አልተነፈሰም። ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዋና ዘንግ) ሲበላ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይፋቃል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በ0.25 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ በ0.50። የቀጠነውን ቦታ እንዲሞላ ብሮንዚኑ ወፍራም ይሆናል፤ ልኩም ጀርባው ላይ ይመታል። ያቺ ቁጥር ብቻዋን «ቁልፍ አልነካውም» የሚለውን ወሬ ጣለችው።

ሁለተኛው 0.25። ሦስተኛው 0.25። አራተኛው 0.50።

ማይክሮሜትር ተውሰን ክራንክሻፍቱን ለካነው። እውነትም አራተኛው ቦታ ከሌሎቹ በሩብ ሚሊ ሜትር ይቀጥናል። ፒስተኖቹን በላቦራቶሪው ሚዛን መዘንናቸው። ሦስቱ ከ2 ግራም በላይ አይለያዩም፤ አራተኛው በ17 ግራም ይከብዳል። የሦስቱ ካሚቻዎች አፍ ላይ ጥፍር የሚይዝ ደረጃ አለ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እየበላ የወረደበት ነው። በአራተኛው ላይ ጥፍር አይቆምም። ውስጡ የፋብሪካው የተጣመሩ ጭረቶች ገና ይታያሉ። ካሚቻዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ ያልኩት ለዚህ ነው። አንዱን ብቻ ቀይሮ ሦስቱን መተው የሚቻልበት ሞተር ነው። ስለዚህ ይህ ሞተር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። አንዴ ለሁሉም፣ ሌላ ጊዜ ለአራተኛው ብቻ።

ቴስታታው ላይ የማሽን መስመር አገኘን፤ ተፍቋል። ልጆቹ ወዲያው ፈረዱ። «ደንገጎን ሲወጣ ሞቆ ተጣሟል።» ከድሬዳዋ ሲመለስ ደንገጎ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ያላየ ልጅ ስለሌለ፣ ነገሩ ለሁላችንም ግልጽ መሰለን። ሳናስተውል «ያየነው» በሚለው በኩል ተጻፈ። እኔም አልፌዋለሁ።

ግንቦት ላይ ባለንብረቱን ጋበዝናቸው። ልጆቹ ሲያነቡላቸው ዝም ብለው አዳመጡ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ሳቁ። አባታቸው ሲነዱት ኮፓው በድንጋይ ተመትቶ ዘይቱ ፈሷል፤ ሳያውቁ ትንሽ ነድተውት ማንኳኳት ጀምሯል። ብየዳውም፣ 0.50ውም ከዚያ ቀን ናቸው።

«ጋሼ፣ ቴስታታውስ ደንገጎ ላይ ሞቆ ነው አይደል?»

«የለም ልጄ። አባቴ ሲታመም መኪናው ወራት ቆመ። የነበረበት ዝገት መከላከያ ያልተጨመረበት ባዶ ውሃ ነው፣ አሉሚኒየሙን በላው። እሱን ለማጽዳት ነው ያስፋቅነው።»

አንድ ልጅ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠ። በመጋቢት ገጽ ላይ በራሱ እጅ ጽፎታል፦ «በውሃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ነጭ ዱቄትና ትንንሽ ጉድጓዶች።» አይተነዋል። ጽፈነዋልም። ደንገጎን ስላሰብን ግን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ልጁ ያን መስመር በእርሳስ አሰመረበት፤ የደንገጎውን ደግሞ ሰርዞ ወደ ቀኝ በኩል አዛወረው።

ሌላውን በአጭሩ ልጨርስ። ክበቡ 19 አባላት ነበሩት፣ 8ቱ ሴቶች ናቸው። ሦስት ጋራዦች ጎብኝተናል፤ መካኒኮቹ ያረጁ ብሮንዚኖችና ፋሻዎች ለማስተማሪያ ሰጥተውናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የተዋስነው ማይክሮሜትር ሰኔ ላይ ስለሚመለስ ለከርሞ የራሳችን ያስፈልገናል። በቤቱ ተርፎ የተቀመጠ ያለው ወላጅ ቢያስበን ደስ ይለናል።

ለሚቀጥለው ዓመት አንድ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ተገኝቷል። ባለቤቱ ማን እንደነበረ የሚያውቅ የለም፣ ሊብሬም የለውም። ኮፓው ላይ ሁለት ቡሎኖች ከሌሎቹ አዲስ መሆናቸውን ልጆቹ ገና ከመኪና ሲወርድ አይተዋል። ፎቶ እስኪነሳ ድረስ ማንም እንዳያጥበው በሸራ ሸፍነነዋል።