የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ አሥራ ስድስቱ ነጫጭ መርከቦችና የአባባ ጥብጣብ

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ጉዳይ ይዞ ከረመ። የሌላ አገር የጦር መርከቦች ወደብ ሲገቡ ሕዝቡ እንዴት ተቀበላቸው? ለማስታወሻስ ምን ተገዛ፣ ምን ተቀመጠ? ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ እንሰበሰብ ነበር።

የጀመርነው በፖስታ ካርድ ነው። የአውስትራሊያና የአሜሪካ ባንዲራ ጎን ለጎን ተስለውበታል፣ ከሥር የጦር መርከብ አለ። ኮፒው ጥቁርና ነጭ ስለነበር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ መርከቦቹ ነጭ እንደነበሩ በምን እናውቃለን?» አለ። ጥያቄው ደስ አለኝ። ባለቀለም ካርዶች ፈልገን አገኘን፤ አካላቸው ነጭ፣ የጭስ ማውጫቸው ቢጫማ ነው። አሜሪካኖች በሰላም ጊዜ እንዲህ ነበር የሚቀቧቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው (የመርከቦቹ ጉዞ ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በፈረንጆች ናቸው)። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በታኅሣሥ 1907 አሥራ ስድስት የጦር መርከቦችን ዓለምን ዞረው እንዲመጡ ላኩ። ወደ 14,000 መርከበኛ ተሳፍሯል፣ ጉዞው 14 ወር ፈጀ። ነሐሴ 20 ቀን 1908 ሲድኒ ሲደርሱ ሥራ ተዘጋ፣ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ኮረብታውን ሞላው። የከተማው ሕዝብ ያኔ 600 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ ሊያይ የወጣው ግማሽ ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል። መንገዱ በቅስትና በባንዲራ አጌጠ፣ ማታ ሕንፃዎቹ በኤሌክትሪክ መብራት ደመቁ። ሱቆች ደግሞ ፖስታ ካርድ፣ የደረት ባጅ፣ የሐር መሐረብና ሜዳሊያ ይሸጡ ነበር።

ይህ ሁሉ ደስታ ከየት መጣ? ክርክሩ ሦስት ሐሙስ ወሰደ። የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር አልፍሬድ ዲኪን መርከቦቹን የጋበዟቸው መጀመሪያ የበላያቸውን የእንግሊዝ መንግሥት፣ ለንደንን፣ ሳያስፈቅዱ ነው። ጃፓን በ1905 ሩሲያን በባሕር ላይ ድል ካደረገች ወዲህ ፍርሃት ነበር፤ በዚያ ላይ አገሪቱ ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳይገባ የሚያግድ ሕግ በ1901 አውጥታ ነበር። ይህን ስናነብ አንዲት ልጅ «ታዲያ እኛ ብንሄድ አያስገቡንም ነበር?» አለች። አዎ፣ አያስገቡንም ነበር። ክፍሉ ጭጭ አለ። ከዚያ በኋላ እነዚያን የሚያማምሩ ካርዶች እንደ በፊቱ ማየት አልቻልንም፣ እኔም ብሆን።

ግን በጥቅምት እነዚያው መርከቦች ዮኮሃማ ገቡ። ከሁለት ዓመት በፊት ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የጃፓን ልጆች ከሌሎቹ ተለይተው እንዲማሩ ተወስኖ ሁለቱ አገሮች ተቀያይመው ነበር፣ ጦርነት ይነሳል የሚልም አልጠፋም። የተቀበሏቸው ግን ባንዲራ የሚያውለበልቡና የአሜሪካንን መዝሙር የሚዘምሩ የጃፓን ተማሪዎች ናቸው። ልጆቼ የዓመቱን ጽሑፋቸውን በብዛት የጻፉት በዚህ ላይ ነው፤ እኩዮቻቸው ስለሆኑ ይመስለኛል።

ሚያዝያ ላይ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በፌስታል ጠቅልላ አንድ ጥብጣብ አመጣች። የመርከበኛ ቆብ ላይ የሚታሰር ነው። ጥቁር የነበረው ቡኒ ሆኗል፣ በወርቃማ ክር የተጠለፉት የላቲን ፊደላት ግማሾቹ ተበልተዋል። የመርከቡን ስም ለማንበብ ብዙ ታገልን፣ አልተሳካም። አያቷ በጃንሆይ ጊዜ ምፅዋ ባህር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ናቸው። ያኔ በየዓመቱ የባህር ኃይል ቀን ሲከበር ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከሶቪየት ኅብረት ሳይቀር የጦር መርከቦች እየመጡ ምፅዋ ይቆሙ ነበር።

ጠራናቸው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። ልጆቹ «አባባ፣ ከየት አገኙት?» ብለው ከበቧቸው። «ቋንቋ የለን፣ ምን እናውራ? እሱ የእሱን ፈታ፣ እኔ የእኔን ፈታሁ፣ ተቀያየርን» አሉ። ስሙን አያስታውሱም፣ ፊቱን ግን ዛሬም ያዩታል። እኔ እዚያው ነው እንባዬ የመጣው።

በሰኔው ኤግዚቢሽን ላይ የጥብጣቡን ፎቶ መሃል ላይ ሰቀልነው፣ እሱን ራሱን በማግሥቱ መልሰንላቸዋል። የሲድኒና የዮኮሃማ ካርዶች ግራና ቀኝ ነበሩ።

ለከርሞ ምፅዋን እንቀጥላለን። ቤታችሁ የዚያን ዘመን ፎቶ፣ ባጅ፣ የቆብ ጥብጣብ፣ ደብዳቤም ቢሆን ካለ አምጡልን፤ ፎቶ አንስተን በዚያው ቀን እንመልሳለን። ማን እንዳስቀመጠውና ከማን እንዳገኘው ግን ጠይቃችሁ ጽፋችሁ ኑ።