መጋረጃውን ክፈቺው

ልጄ፣

ትናንት ማታ ወንድምሽ ደወለ። ሦስት ቀን ሙሉ ከክፍልሽ እንዳልወጣሽ፣ መጋረጃውን እንደዘጋሽ፣ ምግብሽን በር ላይ አስቀምጠው እንዲሄዱ እንደምታደርጊ ነገረኝ። እሱን አትቆጪው፤ አጥብቄ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ያ ሰው ቃሉን ካጠፈ በኋላ ለሠርግሽ ያጠራቀምሽውን ገንዘብ ይዘሽ ኢስታንቡል ሄደሽ፣ አሁን ሆቴል በሆነው በቺራጋን ቤተ መንግሥት ሰባት ሌሊት እንደምታድሪ ስትነግሪን ሁሉም አጉረመረመ። እኔ ግን የላብሽ ነው፣ እንደወደድሽ አድርጊው አልኩሽ። አሁንም ቃሌ ያው ነው። ግን ከዚያ ክፍል ውጪ።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ስለዚያ ቤት ሳነብ አነጋሁ። የኦቶማኑ ሱልጣን አብዱልአዚዝ ነው በ1860ዎቹ ያሠራው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። እኔን ያሳዘነኝ ግን ከእሱ በኋላ የነገሠው ሙራድ 5ኛ ነው። በ1876 ነገሠ፤ በ93ኛው ቀን አእምሮው ታውኳል ተብሎ ከዙፋኑ ወረደ፤ ወንድሙ አብዱልሃሚድ ተተካ። ሙራድን ከነቤተሰቡ ቺራጋን ውስጥ ዘጉበት። በ1878 አሊ ሱአቪ የሚባል ሰው ተከታዮቹን ይዞ ሊያስወጣው ገብቶ ሕይወቱን አጣ። ከዚያ በኋላ ጥበቃው ጠበቀ። ሙራድ ከዙፋኑ ከወረደ ጀምሮ በ1904 እስኪሞት ድረስ 28 ዓመት መሆኑ ነው። ፒያኖ ይጫወትና ዜማ ይደርስ ነበር አሉ። ከመስኮቱ ሥር ቦስፎረስ የሚባለው ጠባብ ባሕር፣ መርከቡ ሲመጣ ሲሄድ። ወንድሙ ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ ከኮረብታው ላይ፣ ይልዲዝ ቤተ መንግሥት ነው የሚኖረው። ይህን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። እሱን ዘበኛ ነው ያገደው፤ አንቺን ማን አገደሽ? ውጪ ልጄ።

ደግሞ የነገርሽኝን አልረሳሁም፤ ክፍልሽ በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ነው። አብዛኛው እንግዳ የሚያድረው እዚያ ነው፤ በአሮጌው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሉት ክፍሎች ጥቂት ናቸው። እንግዲህ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለሽ ቤተ መንግሥቱን እንኳ አላየሽውም ማለት ነው! በ1910 እሳት በልቶት የውጪ ግድግዳው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሆቴል እስኪሆን ድረስ 80 ዓመት ገደማ እንዲያ ባዶውን ቆሞ፣ በአትክልት ቦታው ላይ እግር ኳስ ይጫወቱ ነበር። ሂጂና ያን ግድግዳ በእጅሽ ንኪው።

አባትሽ የሞተ ጊዜ ሰባት ዓመትሽ ነበር። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። አክስትሽ ናት ያበላችሽ፣ ያጠበችሽ። አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ከበሩ ሥር ቁጭ ብለሽ መጽሐፍሽን ጮክ ብለሽ ታነቢልኝ ነበር። እሰማሽ ነበር። ስትሳሳቺም፣ ተመልሰሽ ስታርሚም እሰማ ነበር። አልከፈትኩልሽም። ስንት ቀን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። አንድ ቀን ድምፅሽ በመሀል ቀጥ አለ። ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም ሲል ደንግጬ ከፈትኩት። በሩን ተደግፈሽ እንቅልፍ ወስዶሽ ኖሮ እግሬ ላይ ወደቅሽ።

ይህን እስከ ዛሬ አንስተነው አናውቅም። አንቺ ትረሺው ይሆናል ብዬ ነበር። ትናንት ወንድምሽ «በሩን ዘግታለች» ሲለኝ ግን ከማን እንደተማርሽው አወቅኩ። ይቅር በዪኝ።

አሁን ስሚኝ። ተነሺና ታጠቢ። ፓስፖርትሽን ካዝናው ውስጥ ቆልፊበት። ከማቀዝቀዣው የምታነሺው መጠጥ ሁሉ ለብቻው እንደሚታሰብ አትርሺ። ስትገቢ ከካርድሽ ላይ በመያዣነት የያዙትን ገንዘብ ስትለቂ መልቀቃቸውን አረጋግጪ፤ ደረሰኙንም ተቀበዪ። መድኃኒትሽን አትዝለዪ። ለዚያ ሰው ደግሞ እንዳትደውዪለት፤ ከዚያ ክፍል ሆነሽ በፍጹም።

ከግቢው ወደ መንገዱ ስትወጪ በስተቀኝ ኦርታኮይ ነው፤ ከውኃው ዳር መስጊድ አለ። በስተግራ ብትሄጂ ቤሺክታሽ ትደርሻለሽ፤ ከዚያ ወደ ኡስኩዳር የሚሻገር ጀልባ አለ። እኔ የምመርጥልሽ ጀልባውን ነው። ነፋስ ስላለው ሹራብሽን ደርቢ። ከመሀል ስትደርሺ ዞር በዪና ቤቱን ከውኃው ላይ እዪው፤ ሙራድ ሲያያቸው የኖሩት መርከቦች የሚያልፉት በዚያ ነው።

ያኔ ደውዪልኝ። ከክፍልሽ ሆነሽ «ወጥቻለሁ» ብትዪኝ አላምንሽም፤ የጀልባውን ሞተር መስማት እፈልጋለሁ። ስልኩን ከእጄ አላወጣውም።

እናትሽ