«መቶ በመቶ ላይቭ» ተብሎ በተቀዳ ድምፅ ስለቀረበ የሮክ ኮንሰርት የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ጥር 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለኮንሰርቱ አዘጋጅ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የቲኬት ገንዘብ እንዲመለስልኝና በጽሑፍ ማብራሪያ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ድርጅታችሁ ቅዳሜ ጥር 18 ቀን 2011 ዓ.ም. ምሽት በኮምቦልቻ ከተማ ባዘጋጀው የሮክ ሙዚቃ ኮንሰርት ላይ፣ ሦስት መደበኛ ቲኬቶችን እያንዳንዳቸውን በ200 ብር ገዝቼ፣ ከሴት ልጄና ከእህቴ ልጅ ጋር ከደሴ ወርጄ ታድሜያለሁ። ደሴ ፒያሳ ላይ ተለጥፎ የነበረው ማስታወቂያችሁ በትልልቅ ፊደላት «ሙሉ ባንድ፣ መቶ በመቶ ላይቭ» ይል ነበር፤ ይኸው ቃል በቲኬቱ ጀርባ ላይም ታትሟል። በመድረኩ የቀረበልን ግን ቀደም ብሎ የተቀዳ ድምፅ በስፒከር እየተለቀቀ፣ ሙዚቀኞቹ የሚጫወቱ መስለው የሚታዩበት ዝግጅት ነበር።

ይህን በግምት እንዳልተናገርኩ ያየሁትን ላስረዳ። የቆምነው ከመድረኩ በስተግራ፣ የሙዚቀኞቹ ጫማ ሳይቀር በሚታይበት ቅርበት ላይ ነበር። በሦስተኛው ዘፈን ሊድ ጊታር የያዘው ወጣት ለሶሎው (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ ለሚሰማበት ክፍል) ወደ ፊት ሲራመድ የራሱን ገመድ ረገጠውና ገመዱ ከጊታሩ ተነቅሎ እግሩ ሥር ወደቀ። ሶሎው ግን አንዲት ኖታ እንኳ ሳይጎድልበት ቀጠለ፤ የወጣቱም ጣቶች በጊታሩ አንገት ላይ መሮጣቸውን አላቆሙም። ወዲያው አንድ የመድረክ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ገብቶ ገመዱን አነሳና፣ ወደ ጊታሩ መልሶ በመሰካት ፈንታ የልጁ ሱሪ የኋላ ኪስ ውስጥ ሸጉጦለት ወጣ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ጊታር ከሱሪ ኪስ ኃይል አግኝቶ ሲጮህ ያየሁት በዚያን ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ድምፃዊው ጀርባውን ሰጥቶን ውኃ እየጠጣ ሳለ፣ የገዛ ድምፁ በስፒከሩ «አዲስ አበባ! እንዴት ናችሁ!» እያለ ኮምቦልቻ ላይ ለቆምነው ሰላምታ አቀረበልን። ከፊሉ ታዳሚ ሳቀ፣ ከፊሉም ያፏጭ ጀመር።

ሰኞ ጥር 20 ቀን በቲኬቱ ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ ደውዬ ይህንኑ አስረዳሁ። ስልኩን ያነሱት ሠራተኛችሁ በትሕትና ካዳመጡኝ በኋላ የሰጡኝ መልስ፣ ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይም አልተፈጸመም የሚል አልነበረም። «የክፍለ ሀገር ታዳሚ የሚፈልገው ሞቅ ያለ ድምፅ ነው፤ ሮክን ለይቶ የሚሰማ ስለሌለ እስካሁን ሌላ ቅሬታ አልደረሰንም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ስልክ ከመደወሌ በፊት ጉዳዩ የ600 ብር ጉዳይ ነበር። ከዚህ መልስ በኋላ ግን የምጠይቀው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ስለዚህም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሙዚቃን ለይቶ የሚሰማ ሰው ስለመኖሩ ጥቂት መናገር ግድ ሆኖብኛል።

በሕይወቴ የመጀመሪያውን የመድረክ ሙዚቃ ያየሁት በልጅነቴ፣ አባቴ ይዞኝ ወሎ ባህል አምባ በገባበት ጊዜ ነው፤ መድረኩ ላይ የነበረው የላሊበላ ኪነት ቡድን ነበር። ከዚያ ምሽት ከሁሉ በላይ ያልረሳሁት የማሲንቆ ተጫዋቹን ነው። የማሲንቆው ጭራ በዘፈኑ መካከል ላላበትና ዜማው ለቅጽበት ወረደ፤ ሰውዬው ግን ፊቱን እንኳ ሳያጠቁር በግራ እጁ አጥብቆት ዜማውን ወደ ቦታው መለሰው፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ። ያጨበጨበው ሕዝብ የወረደችውን ድምፅ የሰማ፣ የተመለሰችበትንም ቦታ ያወቀ ሕዝብ ነው። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን የሚጋሩት በዚሁ በአካባቢያችን ካሉ ቦታዎች ጋር መሆኑን ለሙዚቃ አዘጋጅ ድርጅት ማስታወስ ያለብኝ አይመስለኝም።

ሮክን የለመድኩት ከዚያ በኋላ፣ ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጣ በሚያመጣቸው የተቀዱ ካሴቶች ነው። ጩኸት የበዛበትን የሮክ ዓይነት ዛሬም አልወደውም። የእኔ ምርጫ ጊታሩ የሚናገርበት ነው፤ ከሁሉም የእንግሊዙን ባንድ ዳየር ስትሬትስን አስቀድማለሁ፤ ጊታሪስቱ ማርክ ኖፕፍለር ክሩን በመምቻ ሳይሆን በጣቱ ስለሚመታው እያንዳንዷ ድምፅ ለብቻዋ ትሰማለች። ባለ አምስት ድምፅ ዜማ በማሲንቆ ሲሰማ ላደገ ጆሮ፣ ሮክ ጊታር ከብሉዝ የወረሰው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል (የድምፆች መሰላል) ባዳ አይሆንበትም። በፈረንጆቹ 2012 የአገራችን የሮክ ቡድን ጃኖ ባንድ በአራት ድምፃውያንና በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ደሴ ላይ ካሴት ቤት ለካሴት ቤት ስንዞር ያደግን ሰዎች የተደሰትነው፣ ይህን ዝምድና በገዛ ቋንቋችን ስለሰማነው ነው። ሠራተኛችሁ «ለይቶ የሚሰማ የለም» ያሉት ስለዚህ ሕዝብ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በሮክ ታሪክ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሱት ኮንሰርቶች አንዱ የሆነው ላይቭ ኤይድ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደን ዌምብሌይና በፊላዴልፊያ የተካሄደው በኢትዮጵያ ረሃብ ምክንያት ነው፤ ዓለምን ያስደነገጠው የቴሌቪዥን ምስል የተቀረጸበት ኮረምም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ነበር። እኛ የደሴ ልጆች በዚያ ወቅት ስለ ኮንሰርቱ የሰማነው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ያየነው ከአሰብ ወደብ እህል ጭነው በባቲና በኮምቦልቻ አልፈው፣ ደሴን አቋርጠው ወደ ሰሜን የሚወጡትን የጭነት መኪኖች ነው። ኮንሰርቱን በቪዲዮ ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የእንግሊዙ ባንድ ኩዊን በሃያ ደቂቃ አካባቢ ስታዲየሙን እንዴት እንደያዘው ሁሉም ያወራል፤ እኔ ደጋግሜ የማየው ግን የቀድሞው የቢትልስ አባል ፖል ማካርትኒ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ሲጀምር ማይክሮፎኑ ድምፁን አላወጣ ያለበትን፣ ታዳሚውም ዘፈኑን ተቀብሎ የዘፈነበትን ክፍል ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብና ካሜራ ፊት እንኳ መሣሪያ ይበላሻል፤ ሰውም ይቅር ይላል፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት በእርግጥ የሚጫወት ሰው ፊቱ አለ።

ስለዚህ ቅሬታዬ የድምፅ መሣሪያ ችግር እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የናንተ ጊታሪስት ገመዱ ሲነቀል ሙዚቃው ቢቋረጥና ልጁ ሰክቶ እንደገና ቢጀምር ኖሮ፣ እንደ ማሲንቆው ሰውዬ እናጨበጭብለት ነበር እንጂ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። በወጣቶቹ ሙዚቀኞች ላይም ቅሬታ የለኝም፤ ሥራቸውን በዚህ መንገድ እንዲያቀርቡ የወሰነው አዘጋጁ እንደሆነ እገምታለሁ፤ ጊታር የያዘው ልጅ የጣቱ አያያዝ ራሱ የሚችል ሰው መሆኑን ይመሰክር ነበር። ዝግጅቱ ከተባለው ሰዓት እጅግ ዘግይቶ መጀመሩን፣ በቲኬቱ ላይ ቃል የተገባው ወደ ደሴ የሚመልሰን ሰርቪስም አለመምጣቱንና በዚያ ሌሊት ኮንትራት ታክሲ ይዘን ዳገቱን ለመውጣት መገደዳችንን ለመዝገብ ያህል ብቻ እጠቅሳለሁ።

በሸማችነቴ ስለምገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብቴ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተደነገገ ነው፤ አሳሳች ማስታወቂያ ማሰራጨትንም ይኸው አዋጅና የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ይከለክላሉ። «መቶ በመቶ ላይቭ» ብሎ ሸጦ የተቀዳ ድምፅ ማቅረብ ከዚህ ክልከላ ውጭ የሚሆንበት መንገድ አይታየኝም። ኮንሰርቱ በፕሌይባክ፣ ማለትም በተቀዳ ድምፅ፣ እንደሚቀርብ በማስታወቂያው ላይ ተጽፎ ቢሆን የፈለገ ይገባ፣ ያልፈለገም ይቀር ነበር፤ ዋጋውም እንደዚያው ይሆን ነበር።

ስለሆነም የሦስቱ ቲኬቶች ዋጋ 600 ብር እንዲመለስልኝ፣ ድርጅታችሁም በዚያ ምሽት የትኛው ክፍል እዚያው በመሣሪያ የተሠራ፣ የትኛውም የተቀዳ እንደነበረ በጽሑፍ እንዲገልጽልኝ፣ ወደፊትም በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሚያሰራጫቸው ማስታወቂያዎች ይህንኑ ለይተው እንዲናገሩ እጠይቃለሁ። ሠራተኛችሁ በስልክ የሰጡኝን መልስ በሚመለከትም የድርጅቱ አቋም ይኸው መሆን አለመሆኑ በመልሳችሁ እንዲካተት እፈልጋለሁ። ከእኔ ጋር የነበረችው ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ኮንሰርት ስትገባ ይህ የመጀመሪያዋ ሲሆን፣ ወደ ደሴ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ የጠየቀችኝ «ሁሉም ኮንሰርት እንዲህ ነው?» ብላ ነው። መልሳችሁን ለእርሷም አነብላታለሁ።

የቲኬቶቹንና የማስታወቂያውን ፎቶግራፍ እንዲሁም የእህቴ ልጅ በስልኩ የቀረጸውን፣ ገመዱ ኪስ ውስጥ ሲገባ የሚያሳየውን ቪዲዮ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ደብዳቤው በደረሳችሁ በአሥራ አምስት ቀናት ውስጥ መልስ ካልተሰጠኝ፣ አቤቱታዬን በእነዚሁ ማስረጃዎች አስደግፌ ለሚመለከተው የሸማቾች ጥበቃ አካል የማቀርብ መሆኑን አስታውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ቅሬታ አቅራቢው
ደሴ

ግልባጭ፦
ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር የንግድ ጽሕፈት ቤት